አልዓዛርን በስሙ መጥራት
(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት)



ጌታችን ካስተማራቸው ምሳሌዎች ሁሉ ባለታሪኩ በስም የተጠራው በአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በባለጠጋው ደጅ የወደቀው ድኻ አልዓዛር ነው (ሉቃ. 16፡19-31)። ባለጠጋው ግን ስም አልተሰጠውም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። ባለጠጋው በሥቃይ ቦታ ሆኖ አብርሃምን በሚለምንበት ጊዜ፣ አልዓዛር እንዲላክለት የጠየቀው በስሙ ጠርቶ ነው። እንግዲህ ስሙን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህ ሰው አልዓዛርን እንደ ደበደበው ወይም ከደጁ እንዳባረረው አልተጻፈም፤ የተፈረደበት ሊያደርግ ሲችል ባላደረገው ነገር ነው። ግዴለሽነት የምንለውም ይኸው ነው፤ እያወቁ እንዳላወቁ ሆኖ ማለፍ።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2013 ወደ ላምፔዱዛ ደሴት ሄደው በባሕር ለሰጠሙ ስደተኞች በጸለዩ ጊዜ፣ ግዴለሽነት ዓለምን ያዳረሰ ክፉ ልማድ መሆኑንና ሰው ስለ ሌላው ማልቀስን እንደረሳ በኀዘን ተናግረዋል። በዚያ ባሕር ካለቁት መካከል የሀገራችን ልጆችም ብዙ መሆናቸውን አንዘንጋ።

1. ግዴለሽነት በደጃችን

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም.) በሙከራ ደረጃ ከተጀመረባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንዱ ገርጂ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ። ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ ከሱቁ በረንዳ ሥር ማዳበሪያ ለብሶ የሚያድረውን እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ብናውቀው እንኳ የምናውቀው በቅጽል ስም ነው፤ «ያ እብዱ»፣ «ያቺ የበረንዳዋ» እንላለን። ሳንቲም ወርውረን እናልፋለን። ምጽዋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳንቲሙ ሰውየውን ላለማየት የምንከፍለው ካሳ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

«ድኻው ብዙ ነው፤ እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ?» የሚል መልስ እንሰጥ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሁሉን መርዳት አለመቻል አንዱን ላለመርዳት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

2. በአንድ ሰው የተጀመረ ሥራ

ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ፣ ወሎ በረሀብ ተይዞ ነበር። በዚያም በሞተች እናቷ አጠገብ የወደቀች ሕፃን አገኙ። ብዙ መንገደኛ ባለፈበት መንገድ እርሳቸው አላለፉም፤ እርሷንና አንድ ሌላ ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ በቤታቸው የተጠጉት ልጆች ሃያ አንድ ደረሱ። ይህ ሥራ ትዳራቸውንና የሞቀ ኑሯቸውን አስከፍሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባረፉ ጊዜ ግን እናት ብለው የሚያለቅሱላቸው ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው በገጠር ለቀናት አምጠው ልጃቸው ሞተ፤ እርሳቸውም በፊስቱላ ተጐዱ። ይህ ሕመም በሽታው ምክንያት ብዙ ሴቶችን ከትዳርና ከማኅበር የሚያስገልል ነው። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን አዲስ አበባ ላይ አከሟቸው። ከዳኑ በኋላ በዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በመርዳት ጀመሩ፤ ቀስ በቀስም ቀዶ ሕክምናን ተማሩ። የመደበኛ ትምህርት ዕድል ያላገኙት እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር ተሸልመዋል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ሐምሊኖች ሕመሙን ፈውሰው አላሰናበቱም፤ በታከመችው ሴት ውስጥ የተሰወረውን ስጦታ አዩ እንጂ።

በምሥራቅ አዲስ አበባ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያስጠልለው የመቄዶንያ ማዕከልም፣ አቶ ቢኒያም በለጠ በቤተሰባቸው ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስበው የጀመሩት ነው።

3. ወደ ሕይወት የመመለስ መንገድ

ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ ጫነ፣ ለእንግዶች ማደርያ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፣ ተመልሶም እንደሚመጣ ቃል ገባ (ሉቃ. 10፡30-37)። ሁሉን ብቻውን አልሠራም፤ ነገር ግን አደራውን አልተወም። እኛም ይህን ሥርዓት ልንከተል እንችላለን።

ሀ) ስምን መጠየቅ። ስሙንና የትውልድ ቀዬውን እንጠይቀው፤ በዕድሜ የገፋ እንደሆነ «አንቱ» እንበለው።

ለ) ሕክምና። አእምሮው ለታወከ ሰው እንደ አማኑኤል ያለ ሆስፒታል አለ። ጸሎትና ጠበል መድኃኒትን አያስቀሩም፤ የጀመረውን መድኃኒት እንዳያቋርጥ እናግዘው።

ሐ) መታወቂያ። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለውም ሥራ መቀጠር፣ ቤት መከራየትና ገንዘብ ማስቀመጥ ይከብደዋል። አብሮት ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

መ) ሥራና ዘመድ። ዐቅሙ የሚፈቅደውን ሥራ እንፈልግለት፤ ፈቃዱ ሲሆን ዘመዶቹን እናፈላልግ።

ሠ) እድር። የእድር አባል የሆነ ሰው ሲሞት ቀባሪ፣ ሲያዝን አጽናኝ አለው። ስሙ በእድር መዝገብ የተጻፈለት ሰው የሰፈሩ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሆኖም አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ደግሞም የተረዳው ሰው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ «ለፍተን ቀረን» አንበል፤ ሳምራዊው እንደሚመለስ ቃል የገባው ቍስል በአንድ ሌሊት ስለማይድን ነው። የረዳነውንም ሰው ፎቶግራፉን እያሳየን መመኪያችን አናድርገው፤ ክብሩ የእርሱ ነው።

ለውይይት

1. በምንኖርበት ሰፈር በየዕለቱ አልፈነው የምንሄድ ሰው ማን ነው? ስሙን እናውቃለን?
2. ባለጠጋው ለአልዓዛር ምን ሊያደርግለት ይችል ነበር?
3. በቁምስናችን እስከ መጪው እትም ድረስ አንድ ሰው መርጠን ብንይዝ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት አምስት ተግባራት እያንዳንዳችን የትኛውን እንወስዳለን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሦስተኛውን ጥያቄ ያለ መልስ እንዳታሳልፉት አደራ እንላለን።