የባሕር ዛፍ ፐልፕ፦ ክራፍትንና ሶዳን እንዴት እናወዳድር?

የባሕር ዛፍ ስንጥርን በክራፍትና በሶዳ እኩል ሰዓት አብስሎ የትኛው እንደበለጠ ማየት የተለመደ ነው፤ ዘወትር ክራፍት ይቀድማል። ይህ ግን የፍጥነት ውድድር እንጂ የፐልፕ ንጽጽር አይደለም። የክራፍቱ ፈሳሽ፣ ማለትም ሶዲየም ሰልፋይድ የታከለበት ኮስቲክ ሶዳ፣ ሊግኒንን ከኮስቲክ ሶዳ ብቻው ይልቅ ቶሎ ስለሚያሟሟ፣ ሰዓቱ ሲሞላ የሶዳው ስንጥር ገና ጥሬ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ የቀረው ሊግኒን እኩል ሲሆን ከእንጨቱ ስንት እጅ ፐልፕ ሆኖ እንደተረፈ ነው። እንዲህ ሲመዘን፣ ማብሰሉን የሚያፋጥነው አንትራኩዊኖን በጥቂቱ የገባበት ሶዳ ለአነስተኛ ፋብሪካ ከሚገመተው በላይ ያዋጣል።

ሥራው ከእንጨቱ ይጀምራል። ነጭ ባሕር ዛፍን ከቀዩ አይቀላቅሉ፤ የቀዩ ምርት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ስለሚል ውጤቱ ይዛባል። ቅርፊቱን ልጠው ስንጥሩን በውፍረት ያመሳስሉ፤ ወፍራሙ ከበሰለ በኋላ ሲሰበር መሀሉ እንጨት ሆኖ የሚገኘው ፈሳሹ ስላልደረሰው ነው። ናሙና በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው እርጥበቱን ይወቁ፤ ኬሚካሉ የሚሰላው በደረቁ ክብደት ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ እንጨት፣ በውስጡ ያለው ውኃ ተቆጥሮ፣ 4 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይበቃል። ለክራፍት ሰልፋይዱ ከአልካሊው 25 በመቶ ገደማ ይሁን፤ ለሶዳ የእንጨቱን 0.1 በመቶ አንትራኩዊኖን ይጨምሩ። ይህ ዱቄት በውኃ አይሟሟም፣ ስለዚህ አስቀድመው በደንብ ይበትኑት። ሁለቱንም በ165 ዲግሪ፣ የአልካሊውን መጠን ብቻ እየለወጡ፣ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ያብስሉ። በዚህ ሙቀት ግፊቱ ከከባቢ አየር በ6 ባር ያህል ስለሚበልጥ የወጥ ቤት የግፊት ድስት አይሞከርም። የክራፍቱ ፈሳሽ አሲድ ከነካውም መርዛማ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል።

ከዚያ ፐልፑን አጥበው፣ ያልበሰለውን ለይተው፣ ሁለቱንም ይመዝኑ። ሊግኒኑ የሚለካው በካፓ ቁጥር፣ ማለትም ናሙናው በሚፈጀው ፐርማንጋኔት ነው። ምርቱን ከካፓ ጋር በግራፍ አስቀምጠው ካፓ 18 ላይ ያነጻጽሩ። ሰልፋይት በተባለው ሌላ ዘዴ የተሠራ ፐልፕ ወደ ንጽጽሩ ከጨመሩ ግን ይጠንቀቁ፤ በአልካሊ ሲበስል የሚፈጠረው ሄክሰኑሮኒክ አሲድም ፐርማንጋኔት ስለሚፈጅ የአልካሊው ፐልፕ ካለው በላይ ሊግኒን የያዘ ይመስላል።

የክራፍት ደጋፊዎች ጥንካሬውን ያነሳሉ፤ ለጥድ እውነታቸውን ነው። የባሕር ዛፍ ፋይበር ግን ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዋናነት የሚፈለገውም ለማተሚያ ወረቀት ልስላሴ ነው። ሊግኒኑም ሲሪንጅል የተባለው ክፍል ስለሚበዛበት ያለ ሰልፋይድም ከጥዱ ይልቅ በቀላሉ ይፈታል። ኬሚካሉን መልሶ መጠቀምም ቢሆን የክራፍት ብቻ አይደለም፤ ከማብሰሉ የተረፈውን ጥቁር ፈሳሽ አትንኖ፣ አቃጥሎ፣ በኖራ ወደ ኮስቲክ መመለስ ለሶዳም ይሠራል። ክራፍት የሚገማውን ጋዝ የመሰብሰብ ወጪ ይጨምራል፤ ግዙፍ ፋብሪካ ይህን ይችለዋል፣ ትንሹን ግን ይከብደዋል። ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው። አንትራኩዊኖን ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ስለተፈረጀ፣ የጀርመን የስጋት ምዘና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ምግብ ለሚነኩ ወረቀቶች ከሚፈቀዱ ኬሚካሎች ዝርዝር አውጥቶታል። ስለዚህ ወረቀቱ ዳቦ ወይም ሥጋ የሚጠቀለልበት ከሆነ ንጹሑን ሶዳ ብቻ ከክራፍት ጋር እንደገና ያወዳድሩ፤ ያኔ ክራፍት ሊያሸንፍ ይችላል።