ባሕር ማዶ ያለን ተከሳሽ ማን ይጠራዋል?

በድሮ ጊዜ በአገራችን ሰው ሲጣላ አንዱ ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ይለዋል። የተባለውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ።

ተከሳሹ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ ቢሆንስ? ነጠላው ከምን ጋር ይቋጠራል? ይህን ለመረዳት በአሜሪካ የተደረገ አንድ ሙግት እንመልከት።

በ1994 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2001) ኒው ጀርሲ በተባለው ክፍለ ግዛት አንድ ሠራተኛ በብረት መቁረጫ መኪና ሲሠራ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች አጣ። መኪናውን የሠራው ጄ. ማኪንታየር የሚባል የእንግሊዝ ፋብሪካ ነው። ሠራተኛው መኪናው ሲሠራ ጉድለት አለበት ብሎ፣ ካሣ እንዲከፈለው እዚያው ኒው ጀርሲ ከሰሰ።

ፋብሪካው በመጀመሪያ የተከራከረው ስለ ጣቱ አይደለም። «ይህ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም» አለ። ሥልጣን ማለት አንድን ሰው ጠርቶ የመዳኘት መብት ማለት ነው። ፋብሪካው በኒው ጀርሲ ቢሮ የለውም፤ ግብርም አይከፍልም። መኪናዎቹን በአሜሪካ የሚሸጥለት ኦሃዮ የሚገኝ ሌላ ድርጅት ነበር። ኒው ጀርሲ የገቡትም መኪናዎች ቢበዙ አራት ናቸው።

የሠራተኛው ወገን ደግሞ ፋብሪካው ለመላው አሜሪካ ሊሸጥ ይፈልግ እንደነበር አስረዳ። አሠሪውም መኪናውን ያየው ላስ ቬጋስ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር።

የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን አለን ብሎ ወሰነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2003 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2011) ውሳኔውን 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሻረው። ዕቃው በሌላ ሻጭ እጅ ዞሮ እዚያ መድረሱ ብቻውን አይበቃም ተባለ። ሦስቱ ዳኞች አልተስማሙም። በመላው አገር ገበያ የሚፈልግ ሁሉ ዕቃው ጉዳት ባደረሰበት ቦታ መልስ ይስጥ አሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። መኪናው ደኅና ነው ብሎ የፈረደ ዳኛ የለም። የሠራተኛው እውነት በዚያ ፍርድ ቤት ሳይመዘን ቀረ እንጂ።

ሁልጊዜም እንዲህ አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2021) ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፎርድን መኪናዎች ጉዳይ አየ። ጉዳት ያደረሱት መኪናዎች መጀመሪያ የተሸጡት በሌላ ክፍለ ግዛት ነበር። ሆኖም ፎርድ ራሱ አደጋው በደረሰባቸው ክፍለ ግዛቶች እያስተዋወቀ በሰፊው ይሸጥ ስለነበር፣ እዚያው ሊከሰስ ይችላል ተባለ። እንግዲህ ነጠላውን የሚቋጥረው ተከሳሹ ራሱ ወደዚያ ቦታ የዘረጋው ንግድ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል? እኛም የውጭ አገር ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕና መርጨት የሚያስፈልገው መድኃኒት እንገዛለን። ፋብሪካው ሩቅ ነው፤ ሻጩ ግን ቅርብ ነው። ስለዚህ ስንገዛ ደረሰኝ እንቀበል። የሻጩንና የአስመጪውን ስምና አድራሻ እንጻፍ። ጉዳት ከደረሰ ዕቃውን ሳንጥል እናስቀምጥ፤ ፈጥነንም የሕግ አዋቂ እንጠይቅ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ጭምር ነው።

ጥያቄዎች
1. ሥልጣን ማለት ምን ማለት ነው?
2. ከስድስቱና ከሦስቱ ዳኞች የትኞቹ ትክክል ይመስሏችኋል? ለምን?
3. በቤታችሁ ካለው የውጭ አገር ዕቃ የስንቱ ደረሰኝ አላችሁ?