ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፦ ብቻን ወደ ስቶክሆልም የጌም ፌስቲቫል

ስዊድን በጌም ዓለም ምን ያህል ቦታ እንዳላት ለመረዳት ማይንክራፍትን ማሰብ ይበቃል። ስቶክሆልም ያለው ሞያንግ የሠራው ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 ከነድርጅቱ ለማይክሮሶፍት ሲሸጥ ዋጋው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ባትልፊልድን የሚሠራው ዳይስ፣ ካንዲ ክራሽን ያወጣው ኪንግ፣ ክሩሴደር ኪንግስን የሚያሳትመው ፓራዶክስም የሚሠሩት እዚያው ከተማ ነው። ድሪምሃክ የሚባለው ፌስቲቫል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማሉንግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኮምፒውተራቸውን ተሸክመው ትምህርት ቤት ውስጥ ከተሰባሰቡ ጓደኛሞች የተነሣ ነው። ለብዙ ዓመታት ዮንሾፒንግ ከተማ ሲካሄድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ስቶክሆልም ተዛወረ፤ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 13 እስከ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻውን ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ከባዱ ነገር ጌሙም እንግሊዝኛውም አይደለም። ከባዱ ዳታው ነው። ስማችን፣ የልደት ቀናችንና ሰዓታችን ለፈረንጅ ሲስተም እንዲገቡ መቀየር አለባቸው፤ በእያንዳንዱ ቅየራ ላይ ደግሞ ስህተት ይደበቃል። በቡድን ስትሄዱ አንዱ ጓደኛ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ቀን ልክ ነው?» ይላል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ይህን የሚለው የለም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ግማሹ ለተጓዥ፣ ግማሹ ደግሞ ለተጓዡ አፕ ለምትሠሩ ነው።

በመጀመሪያ ቪዛው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ላይ ገደብ ጣለ። ምክንያቱ መንግሥታችን አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ጌም ሊያይ ከሚሄድ ልጅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ዕዳው ግን በእሱ ላይ ወረደ። ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፣ አንዳንድ ማስረጃዎችን ይቅር የማለት ዕድልም ተነሣ። ከማመልከታችሁ በፊት ገደቡ አሁንም መኖሩን ኤምባሲው ከሚያወጣው መረጃ አረጋግጡ፤ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ግን 45 ቀን እንደሚፈጅ አድርጋችሁ አስቡ።

እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። ከኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. 45 ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ መስከረም 28 ላይ እንደርሳለን። «ከመስቀል በኋላ እጀምራለሁ» ያለ ሰው የቀረው 11 ቀን ብቻ ነበር፤ በዚያ ውስጥ የቀጠሮ ወረፋ አለ፣ የባንክ ስቴትመንት አለ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አለ። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ስለሚቻል፣ ለኅዳር ዝግጅት ክረምቱ ሳይወጣ መጀመር ይሻላል። ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ ደግሞ ማመልከቻው ላይ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መፈረም አለበት፤ ስለዚህ ነገሩን ከቤተሰብ ደብቆ መጨረስ አይታሰብም።

ብቻውን የሚሄድ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚከለከለው «ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመመለስ ያለው ሐሳብ አጠራጣሪ ነው» በሚለው ምክንያት ነው። ለዚህ የሚሻለው መልስ ረጅም የልመና ደብዳቤ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚገጥም ወረቀት ነው። የፌስቲቫሉ ትኬት፣ የሆቴሉ ቀን፣ የበረራው ቀን፣ የኢንሹራንሱ ቀን፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት የተሰጠው ፈቃድ አንድ ዓይነት ነገር መናገር አለባቸው። እዚህ ላይ ነው ስምና ቀን የሚመጡት።

ፓስፖርታችሁን ክፈቱና ፎቶው ያለበትን ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። በዚህ ምልክት (<) የታጨቁ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ቁምፊ ናቸው። ለአየር መንገዱም ለድንበሩም ማሽን ስማችሁ እሱ ነው። ከላቲን ዋና ፊደላት ውጭ ምንም አይቀበልም፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተያዘው ይመጣል፣ ከዚያ ሁለት ምልክት፣ ከዚያ ቀሪው ስም። ችግሩ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምን ልጻፍ ብላችሁ አታስቡ። ፓስፖርቱ እዚያ ቦታ ያስቀመጠውን ቅዱ። ፊደሉንም እንዲሁ። ጽጌረዳ የምትባል ልጅ ስሟን በ«ቲ ኤስ» የሚጀምር አድርጋ መጻፍ ትችላለች፣ በ«ኤስ» ብቻም ትችላለች፤ ትምህርት ቤት አንዱን፣ ባንክ ሌላውን ጽፎላት ይሆናል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለማሽን ሁለት። ፓስፖርቱ ላይ ካለው የሚለየውን ወረቀት ቢቻል ቀድሞ ማሳረም፣ ካልሆነም ከማመልከቻው ጋር የሚያስረዳ ደብዳቤ ማያያዝ ነው።

(ለአልሚዎች፦ የአማርኛን ስም በራሱ ወደ ላቲን የሚቀይር ኮድ ጽፋችሁ ውጤቱን በቀጥታ የትኬት ፎርም ውስጥ አታስገቡ። ተጠቃሚው ከፓስፖርቱ እያየ ይሙላ። ጎበዝ ፕሮግራም መሆን የማያስፈልግበት ቦታ አለ።)

ወደ ቀን እንምጣ። እንበል ጽጌረዳ የተወለደችው መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ስለሚያምን ሴፕቴምበር 22 ቀን 1999 ብሎ ይሞላል። ስህተት ነው። 1991 ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ እንዲህ ባለው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን አላት፣ አዲሱ ዓመትም ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል። ስለዚህ ትክክለኛው ሴፕቴምበር 23 ነው። ይህ የአንድ ቀን ዝንፈት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል።

በኮድ ለማስላት ቀላሉ መንገድ ሁለቱን አቆጣጠሮች በቀጥታ ማዛመድ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር መለወጥ ነው፦

ቁጥር = 1724221 + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30 × ወር + ቀን − 31

የጽጌረዳን ብናስገባ 1724221 + 726715 + 498 + 30 + 12 − 31 = 2451445 ይመጣል። በዚሁ የቁጥር መስመር ጃኑዋሪ 1 ቀን 2000 የሚውለው 2451545 ላይ ነው። ልዩነቱ ልክ 100 ቀን ነው፤ ከጃኑዋሪ 1 መቶ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩና ሴፕቴምበር 23 ላይ ትደርሳላችሁ። ጃቫስክሪፕት የምትጽፉ ሰዎች ከቋንቋው ጋር የሚመጣው ኢንትል የኢትዮጵያን ካላንደር ስለሚያውቅ፣ የራሳችሁን ስሌት በእሱ ብትፈትሹት ጥሩ ነው።

ፓስፖርቱ ታዲያ ስህተቱን አይዝም ወይ? እዚህ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በታችኛው መስመር ላይ ከልደት ቀኑ ቀጥሎ አንዲት የማረጋገጫ አሃዝ አለች። አሠራሯ ቀላል ነው፦ ስድስቱን አሃዞች በተራ በ7፣ በ3፣ በ1 እያባዙ መደመርና የድምሩን የመጨረሻ አሃዝ መውሰድ። ለ990923 ድምሩ 162 ስለሆነ 2 ትሆናለች፤ ለ990922 ደግሞ 161 ስለሆነ 1። ማሽኑ አንዱን አሃዝ አሳስቶ ቢያነብ ትይዘዋለች። ፎርሙን የሞላው ሰው ቀኑን ሲቀይር ከተሳሳተ ግን ፓስፖርቱ በተሳሳተው ቀን ላይ ትክክለኛ ማረጋገጫ ሠርቶ ያወጣል። ሲስተሙ ደስተኛ ነው። ጉዱ የሚታየው በትክክል የተቀየረ የልደት ምስክር ወረቀት አጠገቡ ሲቀመጥ ነው። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አውሮፓ በማኅተም ፋንታ መግቢያና መውጫን ከጣት አሻራና ከፊት ምስል ጋር በኮምፒውተር መመዝገብ ስለጀመረች፣ አንዴ የገባ ዳታ በቀላሉ አይረሳም።

ሰዓት ከሁለቱም የባሰ ነው፤ እዚህ የሚጠፋው አውሮፕላኑ ራሱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች የሚነሡት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ትኬቱ «ሐሙስ 00፡30» ይላል እንበል። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ «ሐሙስ ሌሊት» ስንል ሐሙስ ውለን አምሽተን ማለታችን ነው። ትኬቱ የሚለው ግን ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ቦሌ መድረስ ያለባችሁ ረቡዕ ምሽት 3፡30 ግድም ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የሚመጣ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል። የጉዞ አፕ የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ ያለውን ሰዓት «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉት። ቋንቋችን መፍትሔውን ቀድሞ አዘጋጅቶታል፤ እስካሁን በስክሪን ላይ አላየሁትም።

ዕቃውን ባጭሩ። ድሪምሃክ ላይ የራስን ኮምፒውተር ይዞ መጫወት ለሚፈልግ ቦታ ይከራያል፤ ከአዲስ አበባ ብቻውን የሚመጣ ሰው ግን ላፕቶፕ ይበቃዋል። የኔትወርክ ገመድ ያዙ፤ ቀጭን ላፕቶፕ የገመዱ መሰኪያ ስለማይኖረው ማገናኛም ጨምሩ። ሶኬታቸው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ስለሆነ አብዛኛው የእኛ ቻርጀር ይገባል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፤ ወሰኑም ያለ ልዩ ፈቃድ 100 ዋት-ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል፤ 30,000 የተጻፈበት 111 ስለሚሆን ያስጠይቃል።

የራሳችሁን ጌም ለማሳየት ከሆነ የምትሄዱት፣ የአማርኛው ፎንት ጌሙ ውስጥ መታሸጉን ከቤት ሳትወጡ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ፈትሹ። ዩኒቲ ለጽሑፍ የሚሰጠው መነሻ ፎንት ግዕዝ ስለሌለው ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አስገቡና ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የዩኒኮድ ክልል በሙሉ ጨምሩ፤ ከ350 በላይ ቁምፊ ስለሆነ የፎንቱን ምስል መጠን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

አርላንዳ አየር ማረፊያ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ አይሞላም፣ ግን ውድ ነው። ፔንደልቶግ የሚሉት የከተማ ባቡር በአየር ማረፊያው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ቢኖረውም ይረክሳል፤ ደግሞም ትልቁ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ስቶክሆልምስሜሳን ያለበት ኤልቭሾ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ገንዘብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስዊድን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ሱቅና ካፌ ብዙ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ የሚከፋፈለው ስዊሽ በሚባል አፕ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ የስዊድን ባንክ ሒሳብና የመታወቂያ ቁጥር ይፈልጋል፤ ቴሌብር ለውጭ ሰው እንደሚከብደው ማለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁ ለተጓዥ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ካርድ አውጡና እዚሁ እያላችሁ በኢንተርኔት አንድ ትንሽ ነገር ገዝታችሁበት ሞክሩት። ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነም «ለንደን ደርሼ ልመለስ» የሚባል ነገር የለም።

ማንም በስማችሁ ብቻ ቢጠራችሁ እንዳትቀየሙ። ስዊድኖች የእኛን «እርስዎ» የመሰለውን አጠራር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ጥለውታል፤ አለቃም አስተማሪም በመጀመሪያ ስሙ ይጠራል። በዚህስ ከእኛ ጋር ይቀራረባሉ፤ የቤተሰብ ስም ሲጠሩ ብዙም አትሰሙም።

በኅዳር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው 15፡00 ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኛ ብናስበው ከቀኑ 9 ሰዓት። ስልካችሁ ወደ ስዊድን ሰዓት በራሱ ይዞራል፤ የክረምት ጊዜያቸው ስለሆነ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ የኢትዮጵያ ሰዓት አፖች የሚሳሳቱት ነገር አለ፤ የስልኩን ሰዓት ወስደው 6 ይቀንሳሉ። አዲስ አበባ እስካላችሁ ድረስ ልክ ነው። ስቶክሆልም 22፡00 ሲል ግን አፑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይላችኋል፤ እናታችሁ ቤት ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። «ገና አልተኙም» ብላችሁ ትደውላላችሁ፣ ልጇ ባዕድ አገር ብቻውን ያለ እናት በእኩለ ሌሊት ስልክ ሲጮህባት ምን እንደምታስብ አስቡት። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ ሰዓቱን ከስልኩ ሳይሆን ከአዲስ አበባ የሰዓት ቀጠና ወስዳችሁ ከዚያ 6 ቀንሱ። ቀጠናውን ራሱን በ6 ሰዓት ማዛባት ግን አይገባም፤ ያን ጊዜ የማንቂያ ደወሉም የመልሱ በረራ ማስታወሻም አብረው ይዛባሉ።