የክረምት ማዕድና ጨዋታ በጣና ዳር

ብዙዎቻችን ክረምትን የምናውቀው ትምህርት የሚዘጋበት፣ መንገድ የሚጨቀይበትና ሰው ከቤቱ የሚከተትበት ወራት አድርገን ነው። ስለ ሀገር ባህል የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ስለሚከበሩት በዓላት፣ ስለ ገናና ስለ ጥምቀት ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት የባሕር ዳርና የጣና ዳር ሕዝብ በክረምት ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጫወትና በምን ጥበብ እንደሚደሰት እንመለከታለን። ከዚያም ማዕዱና ሐይቁ የሚጋጩበትን አንድ ጉዳይ ለአንባብያን ፍርድ እናቀርባለን።

፩. የወቅቱ ጠባይ

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ሆኖም አማካይ ጥልቀቱ ከ8 ወይም ከ9 ሜትር አያልፍም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ሲገቡበት በምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። ቀድሞ በፎገራ ከብቶች ግጦሽነቱ የታወቀው ይህ ሜዳ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት የሩዝ ማሳ ሆኗል፤ የሩዙም ዱቄት ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ይጋገርበታል። እንግዲህ ጎርፉ ራሱ ከገበታው ላይ ደርሷል ማለት ነው።

፪. ጥበብና ጨዋታ

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ልሳነ ምድር የሚገኙት ገዳማት የሥዕል ቤቶችም ናቸው። በዘጌ የሚገኘው የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳዎች፣ እንዲሁም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ለዚህ ምስክር ናቸው። የዘጌ ሰው በልማዱ በሬ ጠምዶ ስለማያርስ ደኑ ሳይመነጠር ቆይቷል፤ ቡናውም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ ወደ ደሴቶቹ መሻገር የሚመረጠው በማለዳ ነው።

ከተማው በበኩሉ የዘፈንና የውዝዋዜ አገር ነው። በደርግ ዘመን የታወቀው የጊሽ ዓባይ የኪነት ቡድን የጎጃምን ዘፈንና እስክስታ ወደ መድረክ አውጥቷል። ዛሬም ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ይህንኑ ሥራ ይዟል።

ስለ ጨዋታ ስናነሣ፣ ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ከገባ ወዲህ የከተማው ኳስ ወዳድ በርክቷል። ሊጉ በክረምት ስለሚያርፍ ሜዳው ለሠፈር ልጆች ይለቀቃል፤ ጭቃውም ማንንም አያስቀር። ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር ወይም በቡሄ፣ ወንዶች ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየደጃፉ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ ተራው የልጃገረዶች ነው፤ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። በምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ይነቅላሉ። ክረምት ባዶ ወቅት አለመሆኑን ለማሳየት ይህ ይበቃል።

፫. ማዕድ

በነሐሴ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር በከሰል ይጠበሳል። በየቤቱ የዳጉሳ ጠላ አይታጣም። የባሕር ዳር ስም የሚነሣው ግን በዓሣ ነው፤ ጥብሱ፣ ለብለቡ፣ ጉላሹና ዱለቱ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚጠመዱት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ።

ነጭ ዓሣ የሚለው አንድ ስም የብዙ ዝርያዎች መጠሪያ ነው። ሊቃውንት ላቤኦባርበስ በሚሉት ወገን ውስጥ በጣና ቢያንስ 15 ዝርያዎች ቈጥረዋል፤ አብዛኞቹም በሌላ አገር አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ በሐይቁ ውስጥ ተለይተው ኖረዋል። ከመካከላቸው በርካታዎቹ እንቍላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ወጥተው፣ ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውኃ ነው። ጊዜውም ክረምት፣ ይልቁንም ነሐሴና መስከረም ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ምእመናን አንድ ሐሳብ ባይኖራቸውም፣ የሚበላው ብዙ ስለ ሆነ በጾም ወራት ገበያው ይደራል። ዓሣውም በዚያው ሰሞን በወንዝ አፍ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያወጣል፤ በወንዙ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትንም አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከበደ። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል የተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣው ክምችት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። እናቲቱ እንቍላሏን ሳትጥል ከተያዘች፣ የተበላው የዚያ ዓመት ዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

፬. ፍርዱ ለማን?

ሕግ የለም እንዳንል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ደግሞም «ክረምቱን በሙሉ ማጥመድ ይከልከል» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች አብዛኞቹ የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ክልከላው ጦማቸውን ሊያሳድራቸው ይችላል። በታንኳ የሚያጠምደውና በሞተር ጀልባ ረጅም መረብ የሚጎትተው በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። የሚዘጋው ሐይቁ ሁሉ ሳይሆን፣ ዓሣው የሚወጣባቸው የወንዝ አፎች ናቸው፤ የሚዘጉትም ከነሐሴ እስከ መስከረም ይሁን። ጥበቃውም የወንዙን ዳር ለሚያውቁት ለአጥማጆቹ ራሳቸው በደመወዝ ይሰጥ። በላተኛውም ድርሻ አለው፤ በፍልሰታ ሰሞን ምግብ ቤት የገባ ተማሪ ዓሣው ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ፣ የወንዝ አፍ ዓሣ ከሆነም ሽሮ ቢያዝ፣ ጾሙም አይፈርስበት፣ ሐይቁም ይጠቀማል።