ጉዳት አያረጅም፤ በሌላ ጉዳትም አይወገድም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የጽዳት ዘመቻ ሲጠራ ጀመዓችን ወደኋላ አይልም። መስጂድ እንጠርጋለን፣ የዶርሙን ዙሪያ እናጸዳለን፣ ቦይ እንከፍታለን። ይህን የምናደርገው ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስላስተማሩን ነው፤ ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። የዛሬው ትምህርታችን ግን በመጥረጊያና በአካፋ ስለማይነሳ ጎጂ ነገር ነው፦ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ባለቤት አጥቶ፣ በየመጋዘኑ ስለቀረ መርዝ። እንዲህ ያለውን ቦታ በቅን ልቦና ብቻ ተነስቶ ማጽዳት ራሱ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ዑለማዎች በቀዋዒዱል ፊቅህ (በፊቅህ መርሆዎች) ያስቀመጡት ትምህርት እዚህ ላይ እጅግ ይጠቅመናል።

መርዙ ከየት መጣ?

በሀገራችን በደንብ የሚታወቀው ጉዳይ ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ክምችት ነው። ለአንበጣ፣ ለተምችና ለግሪሳ ወፍ መከላከያ፣ ለመንግሥት እርሻዎች፣ ለወባ ትንኝ ርጭት ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ኬሚካል ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ከፊሉ በእርዳታ፣ ከፊሉ በግዢ ነበር። መንጋው ሳይመጣ ሲቀር፣ የመጣው ኬሚካል ከሚያስፈልገው ሲበዛ፣ ወይም ከተገዛ በኋላ ሲታገድ፣ ባለበት መጋዘን ቀረ። ዓመታት ሲያልፉ በርሜሉ ዛገ፣ ከረጢቱ ተቀደደ፣ በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ጠፋ። ያስመጣው ኃላፊ ተቀየረ፣ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ለወጠ፣ እርሻው ፈረሰ ወይም ተላለፈ። መርዙ ግን እዚያው ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከመንግሥት ጋር ሆኖ ክምችቱ ሲቆጠር 3,000 ቶን ገደማ ደረሰ፤ በአፍሪካ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በኔዘርላንድና በስዊድን የገንዘብ ድጋፍ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ፣ እንደገና ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ በሚገኘው የኤኮኬም ኩባንያ ምድጃ ተቃጠለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ክምችቶች ፕሮግራም ሲጀመርም ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 7 ሀገራት አንዷ ነበረች። በአህጉሩ በጠቅላላ 50,000 ቶን ያህል እንደሚኖር ተገምቶ ነበር።

አሁን ወደ ቃዒዳዎቹ እንለፍ። አራቱንም በኦቶማን ዘመን ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ድረስ በተዘጋጀው የፊቅህ ሕግ፣ በ«መጀለቱል አሕካሚል ዐድሊያ» መግቢያ ላይ እናገኛቸዋለን። የአብዛኞቹ መሠረት «መጉዳትም፣ ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም» የሚል ይዘት ያለው፣ ኢማሙ ነወዊም (ረሒመሁላህ) በአርበዒናቸው ያካተቱት ታዋቂ ሐዲስ ነው።

1ኛ. ጉዳት አያረጅም

በፊቅህ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነገር ክብር አለው። አንድ መንገድ ወይም የውኃ መውረጃ ከጥንት ጀምሮ ከነበረ በነበረበት ይተዋል። መጀለቱ ይህን በ6ኛው አንቀጽ ካስቀመጠ በኋላ በ7ኛው ወዲያው ይገድበዋል፦ ጉዳት ግን የቆይታ መብት የለውም። ሰው የሚጎዳ ነገር ሠላሳ ዓመት ስለቆየ ሐላል አይሆንም።

«መጋዘኑ እኮ ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ አለ፤ ማንን ጎዳ?» ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው። ሳይንሱም ይህንኑ ይናገራል። ዲዲቲና ዲልድሪን የመሳሰሉት ኬሚካሎች ቶሎ አይበሰብሱም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ በቀዝቃዛ አካባቢ ደግሞ መበስበሳቸው ይበልጥ ይዘገያል። በከብትና በሰው ስብ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ በወተት በኩል ወደ ጥጃውም ወደ ሕፃኑም ይተላለፋሉ። ስለዚህ «ማንን ጎዳ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በዓይን የሚታይ ሬሳ ላይሆን ይችላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ሁለቱንም ኬሚካሎች ከመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ያካተታቸው ለዚህ ነው።

2ኛ. ጉዳት ይወገዳል

ይህ ቃዒዳ ትእዛዝ ነው። ከማን ላይ? በቅድሚያ ከአጥፊው ላይ። በፊቅህ ዶማን የሚባለው ይህ ነው፤ ያበላሸ ያስተካክላል ወይም ይከፍላል። የሀገራችን ሕግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካዩ እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ብቻ የሚመለከት ነው።

ባለቤቱ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ ጉዳዩ የሁላችን አማና ይሆናል። በፈርድ ኪፋያ መልክ ብናየው፣ የሚችሉት ሲፈጽሙት ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልፈጸመው ወንጀሉ ለሁሉም ይተርፋል። ልብ በሉ፦ በፈርድ ኪፋያ ውስጥ «የሚችል» ማለት ሙያው ያለው ማለት ነው። ሕክምና ያልተማረ ሰው ፈርድ ኪፋያ ነው ብሎ ቀዶ ጥገና አያደርግም።

3ኛ. ጉዳት በመሰሉ አይወገድም

የዛሬው ትምህርት እምብርት ይህ ነው። ከአንዱ ላይ አንስተህ በሌላው ላይ ብትጥለው ጉዳቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ፀረ ተባይን ጉድጓድ ቆፍረን ብንቀብር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ብናቃጥል ጢሱ ዳይኦክሲን የሚባለውን እጅግ መርዛማ ነገር ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በርሜሉን ደፍተን ብንሸጥ ገዢው እህል ወይም ውኃ ያስቀምጥበታል። በባዶ እጃችን ብንጠርግ አቧራውን እኛው እንተነፍሰዋለን።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ ቆጠራ ይደረጋል፦ ምን፣ የት፣ ስንት፣ ከውኃና ከመኖሪያ ምን ያህል ይርቃል። ከዚያ ይበልጥ የሚያሰጋው ይለያል። መከላከያ ልብስና የመተንፈሻ ጭንብል ያደረጉ የሠለጠኑ ሠራተኞች በአዲስ፣ ደረጃው በተመሰከረ በርሜል ያሽጉታል። በ1989 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የባዝል ስምምነት መሠረት ተቀባዩም፣ ጭነቱ የሚያልፍበትም ሀገር አስቀድሞ ሳይፈቅድ ከድንበር አይወጣም። ምድጃው ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ጢሱም ተጣርቶ ነው የሚወጣው። የተበከለው አፈርና የመጋዘኑ ወለል ደግሞ ለብቻው ሥራ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ድካም ጉዳቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይዛወር ነው።

ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ የሕንዷን ቦፓልን እንይ። በታኅሣሥ 1984 እ.ኤ.አ. ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠው ጋዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ቆሻሻው ግን በግቢው ቀረ። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ.፣ 337 ቶን ተጭኖ ፒታምፑር ወደምትባል ከተማ ሲወሰድ የዚያ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ የቦፓል መከራ ለምን ወደ እኛ ይመጣል? ማቃጠሉ በመጨረሻ ተፈጽሟል። ነገር ግን ተቀባዩ ሕዝብ አስቀድሞ ካልተጠየቀና ካልታመነ፣ ትክክለኛ ጽዳት እንኳ በዓይኑ እንደ አዲስ ጉዳት ይታያል።

ከሮቤ እስከ ጊኒር፦ አንድ መርከብ

ኑዕማን ኢብን በሺር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን፣ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ያለውን የመርከቡን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰዎች ዕጣ ተጣጥለው ከፊሉ ከላይ፣ ከፊሉ ከታች ተሳፈሩ። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት ላዩን ላለማስቸገር ብለው የራሳቸውን ወለል ሊበሱ አሰቡ። ቢተዋቸው ሁሉም ይሰጥማል፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናል።

ባሌ ላይ ይህ ምሳሌ ተገልብጦ ይታያል። ወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ይነሳል፣ የደጋውን የስንዴ አገር አልፎ ይወርዳል፣ ሼኽ ሶፍ ዑመር ዒባዳ ያደረጉበትን የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ወደ ጊኒር ቆላ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ከገናሌ ጋር ይገናኛል። እዚህ መርከቡን መብሳት የሚችለው የላይኛው ነው። ሮቤና ሲናና ላይ ማሳ ዳር የተጣለ የቱፎርዲ ዕቃ በዝናብ ታጥቦ ሲወርድ፣ ከብት የሚያጠጣውና ለውዱእ የሚቀዳው የቆላው ወንድማችን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ተግባር ብለው አስጠንቅቀዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል።  መርዝማ በቂያስ እንዴት ይበልጥ አይከለከልም?

4ኛ. ጉዳት በተቻለ መጠን ይከላከሉታል

መጋዘን የማጽዳት አቅም የለንም ማለት ሥራ የለንም ማለት አይደለም። ለእረፍት ወደ ጊኒር፣ ጎሮ፣ ጋሰራ፣ አጋርፋ ስንመለስ እነዚህን መፈጸም እንችላለን፦

ሀ) ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ በርሜል ወይም ከረጢት ካየን አንነካም፣ አንከፍትም፣ አናሸትም። ሕፃናትንና ከብትን እናርቃለን።

ለ) ቦታውን፣ ከውኃ ያለውን ርቀትና የጣሪያውን ሁኔታ ከሩቅ ጽፈን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እናመለክታለን። ዝም ከተባለ እንደገና እናመለክታለን። እስኪነሳ ድረስ ጣሪያው እንዲጠገን፣ በሩ እንዲቆለፍ፣ ዙሪያው እንዲታጠር መጠየቅም የዚህ ቃዒዳ ክፍል ነው።

ሐ) በቤታችን የመድኃኒት ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለወተት እንዳይውል ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን በአፋን ኦሮሞ፣ በአክብሮት እናስረዳለን። ዕቃው ባለቀ ጊዜ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው እዚያው ማሳ ላይ ተረጭቶ፣ ጀሪካኑ ዳግም እንዳያገለግል ይበሳል። ብዙ ጊዜ ታጥቧልና ምንም አይልም የሚለው ልማድ ቤተሰብ ይጎዳል።

መ) አባወራው ከሚያስፈልገው በላይ መድኃኒት እንዳይገዛ እንምከር። የዛሬ ትርፍ የነገ የተጣለ መርዝ ነው፤ 3,000 ቶኑም የተጠራቀመው እንዲሁ ነው።

ሠ) ኬሚስትሪ፣ ግብርና፣ ጤናና ሕግ የምንማር ወንድሞችና እህቶች ትምህርታችንን በዚህ ኒያ እንያዘው። የጎደለው «የሚችል» ሰው ነው፤ ፈርድ ኪፋያውን ማውረድ የምንችለው ችሎታውን ስንይዝ ነው።

ለሐለቃ መወያያ

1. «ጉዳት አያረጅም» የሚለውን ቃዒዳ በሰፈራችን በምን ጉዳይ ላይ ልንጠቀምበት እንችላለን?
2. ከግቢያችን የሚወጣው የላብራቶሪና የክሊኒክ ቆሻሻ የት ይሄዳል? ማንን እንጠይቅ?
3. የላይኛው አገር ሰው ለታችኛው ያለበትን ሐቅ በሐዲሱ መሠረት አብራሩ።

አላህ (ሱ.ወ.) የምንጠቅም እንጂ የማንጎዳ ያድርገን፤ ውኃችንን፣ አፈራችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ