ቦርጭ የድሎት ምልክት ነውን?

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ወጥቶ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ሱቅ የከፈተ ሰው ከዓመታት በኋላ አገሩ ሲገባ ዘመድ አዝማዱ «ማሻአላህ! ወፈርክ፣ አማረብህ» ብሎ ይቀበለዋል። ድርቅ በተደጋጋሚ ባጠቃው አገር ቦርጭ የጤንነት ማስረጃ ቢመስል አይፈረድም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው የምናገኘው ተቃራኒውን ነው።

ስብ በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ማደሪያ አለው። አንደኛው ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት ቆንጥረን የምንይዘው ነው። ሁለተኛው ሆድ ውስጥ አንጀትን፣ ጉበትንና ቆሽትን ከቦ የሚቀመጠው የተደበቀ ስብ ነው። ይበልጥ አደገኛው ይህኛው ነው። ከእርሱ የሚለቀቀው ቅባት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ጉበትም በበኩሉ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ቅባት አብዝቶ ወደ ደም ይልካል፤ የኢንሱሊንም ኃይል ይዳከማል።

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም፤ ሰውነታችን ያስፈልገዋል፣ አብዛኛውንም ጉበት ያዘጋጀዋል። ኤልዲኤል የተባለው ዓይነት ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ኤችዲኤል ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። የሆድ ስብ ሲበዛ ይህ ጠራጊ ያንሳል።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተካሄደው ጥናት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ከ100 ሰዎች 6 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለው ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። ስለዚህ ቅጥነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሌላም አለ። ከጋይንት ጋር በሚዋሰነው ሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ፣ የ1977ቱ ረሃብ በእናታቸው ማህፀን ሳሉ የደረሰባቸው ሰዎች ተጠንተው ነበር። ቁመታቸው አጠር፣ ወገባቸው ግን ከቁመታቸው አንጻር ሰፋ ብሎ ተገኝቷል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በማህፀን ረሃብን ያየ ሰውነት ለችጋር ይዘጋጃል፤ በኋላ ጥጋብ ሲመጣ ያንኑ ማከማቸቱን ይቀጥላል። የዚያ ዘመን ልጆች ዛሬ ከ40 ዓመት ያለፉ ጎልማሶች ናቸው። እንግዲህ ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው እነርሱ አይደሉምን?

መለኪያው ቀላል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን፣ ትንፋሽ አስወጥተን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ወገባችንን እንለካ። ከቁመታችን ግማሽ መብለጥ የለበትም። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ካለፈ ይጠንቀቅ። ኮሌስትሮል ግን በሜትርም ሆነ በስሜት አይታወቅም፤ 40 ዓመት የሞላው ሰው ደሙን ያስመርምር።

መፍትሔውስ? የጋይንት ገበሬ ዳገቱን በየቀኑ ይወጣል፤ የከተማው ወንድሙ ግን ሁለት ፌርማታ ለመሄድ ታክሲ ይጠብቃል። በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ሚዛኑ ባይቀንስ እንኳ የተደበቀውን ስብ ይቀንሳል። የደጋው ገብስ በበሶም በቆሎም ቢበላ አሰሩ ኤልዲኤልን ዝቅ ያደርጋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ከፍ ያደርገዋል። በኢፍጣር ማዕድ ላይ ሳምቡሳው ሲደራረብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ ሆድን በሦስት መክፈልን እንዳስተማሩ እናስታውስ።

ከእንግዲህ አገር ቤት ስንገባ «ወፈርክ» የሚለን ዘመድ ፍቅሩን ነውና የሚገልጸው አንቀየመው። ከምስጋናችን ጋር ግን ወገባችንን መለካት አንርሳ።