ከተከላው ማግስት

ከአቃቂ ድልድይ ወረድ ብሎ፣ የክረምቱ ሙላት ያመጣው ፌስታል በየቁጥቋጦው ተንጠልጥሎ በቀረበት ዳርቻ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛና የሰፈሩን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልታቋቁም ደፋ ቀና የምትል ወጣት ተቀምጠዋል። ደብተሯ ላይ «ችግኝ ተከላ፣ ጽዳት ዘመቻ፣ ቲሸርት» ተብሎ ተጽፏል።

«ቲሸርቱን ሰርዢው» አሉ አዛውንቱ። «ገንዘቡን ለባልዲና ለጓንት አድርጊው።»

ሳቀች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ የተነገረበትን ዘመቻ አስታውሳ፣ «ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን፣ አባባ?» አለች።

«ጥቅምት ቀራችሁ። በክረምትማ ሰማዩ ያጠጣል። ዝናቡ ሲያባራና ፍየሉ ሲለቀቅ ግን ዘማቹም የለም። ለየቤቱ አምስት አምስት ችግኝ አከፋፍሉ፤ ያጠጣ፣ በእሾህም ይጠር። ሰኔ ላይ የጸደቀውንም የደረቀውንም ቆጥራችሁ ጻፉ። የደረቀውን መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን የቱ ዛፍ የት እንደሚይዝ የምታውቁት ከእሱ ነው። ዳገቱ ላይ ወይራና ጽድ፣ ወንዙ ዳር ቀርከሃና ቬቲቨር ሳር ሞክሩ።»

«ዳሩን ካለማን ወንዙ ይጠራል?»

«አይጠራም!»

እውነታቸውን ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ፣ የቆዳ ፋብሪካዎችንም ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። ተመራማሪዎችም በወንዙ ውኃ በሚለማው አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሰላጣውን የሚበላው ደግሞ ያው ከተማ ነው።

«ክበብ ፋብሪካ ያስቆማል እንዴ?» ጠየቀች።

«ማስቆም የመንግሥት ነው፤ ማስረጃ መያዝ የእናንተ። ውኃው ቀለሙን የለወጠበትን ቀን፣ ሰዓትና ቱቦ ጻፉ፤ ፎቶ አንሱ። ሦስት ወር ተከታትላችሁ ለወረዳውና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አስገቡ። ቀሪው ላይ ማኅተም ይመታበት። በቃል የቀረበ አቤቱታ ይረሳል፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን መዝገብ ቤት ይገኛል።»

«ግድቡ ላይ ያለውን የእምቦጭ አረም ብንነቅለውስ?»

«ጣና ላይ ስንት ሺህ ሰው እየገባ ነቅሏል፤ ተመልሶ ግን በቅሏል። ከነቀላችሁ ሳያብብ ይሁን። የነቀላችሁትን ከውኃው አርቃችሁ አድርቁት፤ ቁራጩ እንኳ ውኃ ካገኘ ያቆጠቁጣል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በየዓመቱ ትመለሳላችሁ።»

ወፎቹንም አነሱላት። የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው ለሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች መዋያ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ዕውቀቱ አለው፤ ክበቡ ጥር ላይ ወፍ ቆጠራ ሲጀምር ከማኅበሩ ቢማር ይሻላል።

«አባልስ ከየት አገኛለሁ?»

«ከዕድሩ። ስም ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረም ይቀጣል።»

«እኛ ጋ የቀረ ስንት ይቀጣ?»

«ብር አትቀበሉ። የጎረቤቱን ችግኝ አንድ ሳምንት ያጠጣ።»